እንጦጦ ላይ ልጄ ከድምፄ የሸሸችበት ቀን

ይህ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን፣ ቅዳሜ ቀን። ሰው ስለ እንጦጦ ሲያወራ አየሩን ያደንቃል፣ ዛፉን ያደንቃል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። እኔ ያን ጊዜ ሥራ እንዳለበት ሰው ተነስቼ እወጣለሁ። ቤታችን ውስጥም ወሬው አይነሳም። ባለቤቴ "አለፈ አይደል እንዴ?" ይላል። እኔ ላይ አላለፈም። ዛሬ የምጽፈው ሌላዋ እናት ልጇን በምን እንደምታስፈራራ አንድ ጊዜ ቆም ብላ እንድታስብ ነው።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ባለቤቴ ታደሰ ሸማኔ ነው፤ አባቱም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። እሱ ይሸምናል፣ እኔ ጫፉን እቋጫለሁ፣ ሱቅ ተቀምጬ እሸጣለሁ። ሐምሌን ገበያው ሞቶ ዝናብ ስናይ እንውላለን። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ዘመን መለወጫ ደረሰ ተብሎ መተንፈሻ እናጣለን። በሁለቱ መሀል አንድ ቀን ሰርቀን፣ ምሳ ቋጥረን ወደ ተራራው መውጣት ልማዳችን ነበር። ነበር ያልኩት ከዚያ ወዲህ ስላልወጣን ነው።

ልጃችን ምሕረት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ናት፣ ሌላ የለንም። ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ነበረች። ማንም ሰው "ምሕረት!" ካለ "አቤት!" ብላ ትበራለች። አንዱ ከረሜላ ይሰጣታል፣ አንዷ ጉንጯን ትስማታለች። እኔም በዚህ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ያን ሰሞን ግን አዲሱ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ አንዲት ሴት የራሷን ልጅ "ምሕረት!" ብላ ጠራች። የእኔዋ እጄን ለቅቃ "አቤት!" ብላ ተከተለቻት። በዚያ ሁሉ ታክሲና ግፊያ መሀል ሩብ ሰዓት ያህል ፈለግኳት። ሳገኛት አንድ ሱቅ በር ላይ ቆማ ሙዝ ትበላለች። እኔ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህችን ልጅ ማስፈራራት አለብኝ አልኩ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔን ያሳደገችኝ "ሦስት ጊዜ ካልተጠራሽ አቤት አትበይ" እያለች ነው። በተለይ ጫካ ውስጥ፣ በተለይ የሚጠራሽ ሰው በማይታይበት ቦታ። አንዴ ጠርቶ ዝም የሚለው ሰው አይደለም፣ አቤት ካልሽው ይዞሽ ይሄዳል ትለኝ ነበር። ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህ ነው። ክፋትም የለውም። ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ አቤት ይባላል፣ በቃ። የእኔ ጥፋት እናቴ የነገረችኝን ላሻሽል መሞከሬ ነው።

ወደ እንጦጦ የሄድነው አራት ሆነን ነው። እኔ፣ ታደሰ፣ ምሕረትና ጎረቤቴ ሰዓዳ። ሰዓዳ ከወሎ የመጣች ባለ ሱቅ ናት፤ ሱቆቻችን ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ስትስቅ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ታክሲው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ምሕረትን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጀመርኩ።

"ምሕረት፣ እዚያ ላይ ጉም አለ። ጉሙ ውስጥ ደግሞ የሰው ስም የሚጠራ አለ። ማንም ቢጠራሽ አቤት እንዳትዪ።"

"ሦስቴ ቢጠራኝስ?" አለችኝ። የአያቷን ነገር ታውቃለች።

"አሥር ጊዜም ቢጠራሽ።"

"አንቺ ብትጠሪኝስ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ዓይኗ ፈጦ ሲያየኝ ጨዋታው ጣመኝ። "የእኔንም ድምፅ ያወጣል። የእኔን ድምፅ ብትሰሚም እሱ ነው። ስለዚህ ከአጠገቤ እንዳትርቂ" አልኳት።

ሰዓዳ ከኋላ ወንበር ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። "አልሚ፣ ተይ እንጂ! ልጅ በጂኒ ይስፈራራል እንዴ?"

"ፍቱን መድኃኒት ነው" ብዬ ሳቅኩ። እውነትም የሠራ መሰለኝ። ምሕረት ቤተ ክርስቲያኑ እስክንደርስ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን ስንወጣ ሰዓዳ ከመንገዱ ዳር ትኩስ የተጠበሰ በቆሎ ገዝታ ጠበቀችን። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ አልፈን ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባን። በየዓመቱ የምንቀመጥባት ገላጣ ቦታ አለች። ላስቲክ አነጠፍን፣ ላዩ ላይ ጋቢ ደረብን። ቆጮ በጎመን፣ ዳቦ፣ የሰዓዳ ሳምቡሳ ነበረን። ፀሐይ ብቅ ብላ ስለነበር ታደሰ በልቶ እንደጨረሰ ጋደም አለና ወዲያው አንኮራፋ። ሳምንቱን ሙሉ ከሽመናው ላይ አልተነሳም ነበርና አልፈረድኩበትም።

ምሕረት አጠገባችን ቁጭ ብላ የባሕር ዛፍ ፍሬ ትለቅም ነበር። እኔና ሰዓዳ ወሬያችንን ያዝን። ስለ አንዲት ጎረቤታችን ሠርግ ነበር፣ ስለ ሙሽራው እናት። ምን እንዳልን አልጽፍም፣ ሴትዮዋ በሕይወት አሉ። ብቻ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ትዝ ይለኛል። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጉሙ ከከተማው በኩል ሽቅብ መጣ። መጀመሪያ ከታች ያሉት ዛፎች ጠፉ። ከዚያ አጠገባችን ያሉት ግራጫ ሆኑ። ብርድ ሲሰማኝ ምሕረትን ነጠላ ላለብሳት ዞር አልኩ። የለቀመችው ፍሬ ተከምሮ አለ። እሷ የለችም።

"ምሕረት!" አልኩ።

መልስ የለም። ከፍ አድርጌ "ምሕረት!" አልኩ። ታደሰ ደንግጦ ተነሳ። ሦስታችንም እየተጣራን በየአቅጣጫው ተበተንን። ጉሙ ውስጥ ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። ባሕር ዛፉ ላይ የተጠራቀመው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሌላ ድምፅ የለም።

ከዚያ ሰማሁ። ከፊቴ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀጭን እንጨት ቀጭ አለ። "ምሕረት! እማዬ ነኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ወዲያው የሚሮጥ ኮቴ ተሰማኝ፤ ወደ እኔ አይደለም፣ ከእኔ ነው የሚርቀው። ጅብ መሰለኝ። ሌላም ነገር መሰለኝ፣ ልጽፈው አልፈልግም። ይብስ ጮኽኩ። ኮቴው ይብስ ራቀ።

ጥቂት እንደሄድኩ ጭቃ ውስጥ የተሰነቀረ ኮንጎ ጫማ አገኘሁ። የእሷ ነው። የእግሯ ዱካ አንዱ ባዶ እግር፣ አንዱ በጫማ ሆኖ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ በታች ገደል እንዳለ አውቃለሁ። በክረምት ከሥሩ ወንዝ ይወርዳል፣ ድምፁም እዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። እንዴት እየጮኽኩ እንደነበር አላስታውስም። ሰዓዳ በኋላ እንደነገረችኝ ድምፄ የሰው አይመስልም ነበር።

ጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ጎንበስ ብሎ ሲመጣ አየሁና ደርቄ ቀረሁ። እንጨት የተሸከሙ አሮጊት ነበሩ። ሸክማቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው ከሥሩ ወጡና ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው እንደ ቅርፊት ሻካራ ነበር።

"ዝም በይ" አሉኝ።

"እማማ፣ ልጄ ጠፍታብኝ ነው!"

"አይቻታለሁ። ዝም በይ አልኩሽ! ገደሉ አፋፍ ላይ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ቆማለች። ቀረብ ልላት ብል ወደ ኋላ ሸሸችብኝ። አንቺም በጠራሽ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ከኋላዋ ብዙ መሬት የለም።"

ታደሰና ሰዓዳ ደረሱ። ታደሰ ይህን ሲሰማ ቁልቁል ሊሮጥ ሲል አሮጊቷ በጋቢው ይዘው አስቀሩት። "ብትሮጥባት ገደል ትገባለች" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ብለሻት ነው?"

ነገርኳቸው። ታደሰ ፊት፣ ሰዓዳ ፊት፣ እንደ ንስሐ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፣ አላዘኑልኝምም። ጥቂት አሰቡና "ተቀመጡ" አሉን።

"እንቀመጥ?"

"ተቀመጡ። ስሟን ማንም እንዳይጠራ። የቤታችሁን ወሬ አውሩ፣ ሁልጊዜ እንደምታወሩት። ጂኒው የእናቷን ድምፅ ያወጣል ብለሻታል። የቤታችሁን ጉዳይ ያውቃል አላልሻትም።"

እርጥቡ ቅጠል ላይ ተቀመጥን። ልጄ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ እኔ ወሬ እንዳወራ ተባልኩ። ታደሰን አየሁት፣ እሱም አየኝ። በመጨረሻ የመጣልኝ ሁልጊዜ የምንጣላበት ነገር ሆነ።

"የጓዳው ጣራ ያፈሳል ብዬ ስንቴ ነገርኩህ?" አልኩት።

"ዛሬ ልሠራው ነበር" አለ። "ሽርሽር ካልሄድን ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ዛሬ! ከሰኔ ጀምሮ ባልዲ ስደቅን ነው የከረምኩት!"

"ደግሞ ባልዲውን አልጋው ሥር ትተሽው እግሬን ልሰብር ነበር።"

"አረንጓዴ ጥለት ያልኩህን ሰማያዊ አድርገህ ሠርተህ ስታበቃ ስለ ባልዲ ታወራለህ?"

"ሰማያዊ ነው ያልሽኝ!"

"አረንጓዴ!"

አሮጊቷ ለሰዓዳ በእጃቸው ምልክት ሰጧት፣ ሳቂ ብለው። ሰዓዳ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች። ያ ሦስተኛው ቤት የሚሰማው ሳቅ ጉሙ ውስጥ ገባ። "ወላሂ እናንተን ያጋባችሁ ሰው ቀልደኛ ነው!" አለች፤ ዘወትር የምትለው ነው። እንደዚያ ያለ ሳቅ ዳግመኛ ከሰው አፍ እንዳልሰማ እመኛለሁ።

ወሬያችንን ቀጠልን። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ የተቀመጥን ይመስለኛል፣ ታደሰ አሥር ደቂቃ አይሞላም ይላል። ስለ ክሩ፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ እሱ ማንኮራፋት አወራን። ከሥራችን ወንዙ ያጉረመርማል። በየመሀሉ ኮረት ተንከባሎ ሲወርድ ይሰማል። እያንዳንዱ ኮረት ሲወርድ ቃሉ አፌ ላይ ይደርቃል፣ ታደሰ በክርኑ ይጎስመኛል፣ እቀጥላለሁ።

በመጨረሻ ከአንድ ዛፍ ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"የአባዬን ብርጭቆ ማን ሰበረው?"

ታደሰ የአባቱ የነበረ የሻይ ብርጭቆ ነበረው። ሳጥብ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ምሕረት አይታኛለች። ለታደሰ ግን ድመቷ ናት አልነው፤ የእኔና የእሷ ምስጢር ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እኔ ሰብሬው በድመቷ አሳበብኩ።"

ልጄ ከዛፉ ጀርባ ብቅ አለች። ፀጉሯ ረጥቦ፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ ጉልበቷ ተልጦ። መሮጥ ፈለግኩ፣ አሮጊቷ ትከሻዬን ተጭነው አስቀመጡኝ። እሷ ራሷ መጣች። ቀስ ብላ፣ እየቆመች። አጠገቤ ስትደርስ ቶሎ አላቀፈችኝም። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ፣ ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

አሮጊቷ ውለታ አልጠየቁም። "ሸክሜን አሸክሙኝ" ብቻ አሉ። ታደሰና ሰዓዳ አነሱላቸው። ጎንበስ ብለው ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ ቀና አሉ።

"ልጅ የሚፈራው ነገር ሞልቶ፣ የራስሽን ድምፅ ለምን ጨመርሽበት?" አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ጉሙ ውስጥ ወረዱ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ እንደ ቀልድ አወራው ነበር። ታደሰ ምሕረትን አዝሏት ወደ መንገዱ ስንወጣ ግን "ለምን ከአጠገባችን ሄድሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። ለመቆጣት አልነበረም።

"ጠራሽኝ እኮ" አለችኝ።

"አልጠራሁሽም። ከሰዓዳ ጋር ስናወራ አልነበር?"

"ከታች ጠራሽኝ፣ ከገደሉ በኩል። ሰዓዳ አጠገብ ተቀምጠሽ ትስቂ ነበር። ከታችም ደግሞ ጠራሽኝ። የታችኛዋ ናት እውነተኛዋ ብዬ ሄድኩ። ስሄድ የለሽም። ከዚያ ከላይ ደግሞ መጥራት ጀመርሽ። የትኛዋ አንቺ እንደሆንሽ አላወቅኩም።"

ታደሰ "የገደል ማሚቶ ነው" አለ ቶሎ ብሎ። ሰዓዳ በለሆሳስ ቁርአን መቅራት ጀመረች፤ መንገዱ እስኪያልቅ አላቆመችም። እኔ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። ማሚቶ የተጠራውን ነው የሚመልሰው። እኔ ያን ጊዜ ገና አልጠራኋትም ነበር።

ልጅ ናት፣ አስፈራርቻታለሁ፣ የፈራችውን ሰማች። ቀን ቀን እንዲህ ነው የማስበው፤ ልክም ሳይሆን አይቀርም። ግን ለምን ሁለት እናት ስታይ የምትስቀውን ትታ የምትጠራትን መረጠች? ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ጂኒ በላይ ያስፈራኛል። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ የሰው ሐሜት ሳሳድድ ልጄ "ይህች እውነተኛዋ አይደለችም" ብላ ወሰነች።

ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቅኳት። ደህናም ሆነች፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ጥቅምት ላይ አንድ ጋቢ ይዤ የእንጨት ተሸካሚዎቹ መውረጃ ላይ ስጠብቅ ቆይቼ አሮጊቷን አገኘኋቸው። ጋቢውን ተቀብለው ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱና "ልጅቷ አቤት ትላለች?" አሉኝ። "ለሌላው ሰው ትላለች" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምሕረት ዛሬ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስለ ጂኒ ብትጠይቋት ትስቅባችኋለች። አባቷ ሲጠራት "አቤት!" ትላለች። ሰዓዳ ስትጠራት፣ አስተማሪዋ ስትጠራት ትላለች። እኔን ብቻ አትለኝም። ይህን እያደረገች መሆኑን ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም።

ከጓዳ ሆኜ "ምሕረት!" እላለሁ። ቤቱ ፀጥ ይላል። የእግሯ ኮቴ ይመጣና በሩ አጠገብ ይቆማል። ከዚያ አንገቷን ብቅ አድርጋ ፊቴን ታያለች። እኔም የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ፣ ወደ በሩ ዞሬ፣ አይታኝ እስክትጨርስ ዝም ብዬ እቆምላታለሁ።